መርሳን አልፎ የሚመለሰው ጋዜጣ

የአባቴ ጋዜጣ ወልዲያ የሚሄደው በቤታችን ደጅ እያለፈ ነበር። ይህን ለማያውቅ ሰው ባስረዳሁ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ደሴንና ውርጌሳን አልፎ መርሳ ይደርሳል፤ እኛ ደጃፍ አጠገብ ቆሞ መንገደኛ ያወርዳል፤ የጋዜጣው ጥቅል ግን ጣሪያው ላይ እንደታሰረ፣ ዓይናችን እያየ፣ በሲሪንቃ በኩል ወልዲያ ይገባል። ደንበኛ መዝግቦ ጋዜጣ የሚያድለው ወኪል ያለው እዚያ ነዋ። ወኪሉ ሻይ ቤትም ነበረው። የደንበኞቹን ጋዜጣ ለሻይ ጠጪዎቹ እያከራየ ያስነብባል። ሁሉም አንብቦ ሲጠግብ፣ የብርጭቆ ክብ አርፎበት፣ መስቀለኛ ቃላቱ በሰው እጅ ተሞልቶ፣ በመጣበት መንገድ ወደ መርሳ ይመለስልናል። የሰው ትራፊ መሆኑን ደንበኛው እንዲያውቅ የተደረገ ይመስል ነበር።

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በዚሁ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲነዳ ነው። ባለቤቱ ደጁ ላይ ቆሞ እያየው የሰው ዕቃ አሳልፎ ሄዶ አያውቅም። ስለዚህ ነገሩን እንደ ስድብ ቆጠረው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የቀረችለት ደስታ ይቺው ጋዜጣ ነበረች፤ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ማስታወቂያውን ሳይቀር ያነባታል። የአውቶቡስ ሹፌሮቹን ጥቅሉን ፈትተው የእሱን እንዲጥሉለት ለመናቸው። "አባባ፣ የታሸገ ነው፤ እኛ እንጠየቅበታለን" አሉት። ወልዲያ ድረስ ወርዶ ወኪሉን አናገረው። ወኪሉ ብርጭቆ እያጠበ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ዜና እንጀራ አይደል አባባ፣ አይሻግትብዎትም" ብሎ መለሰው።

አባቴ ለጋዜጣው የአንባቢያን ገጽ ጻፈ። ጽፎ የማያውቅ ሰው ነው፤ እየሰረዘና እየደለዘ ስንት ወረቀት ፈጀ። መኪናው የት የት እንደሚቆም፣ ጥቅሉ እንዴት ዓይኑ እያየ እንደሚያልፈው፣ ሁሉንም ዘረዘረ። ከታች ስሙን እስከ አያቱ፣ ቀጥሎም "ከመርሳ" ብሎ ጻፈና ላከ። "ስሜን ጋዜጣ ላይ አይቼ ብሞት አይቆጨኝም" አለኝ። ሳቅሁበት። እሱ ግን የምሩን ነበር።

አንድ ቀን በወረዳችን በሐብሩ ገበሬ የሆነው ወዳጁ ከወልዲያ ገበያ ሲመለስ ሮጦ መጣ። ማንበብ አይችልም፤ ሻይ ቤቱ ሲነበብ ሰምቶ ነው። "ወላሂ ወጥቶልዎታል! በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ። ሰዉ በሳቅ ሲንፈራፈር ወኪሉ 'ያ የመርሳው ሹፌር ነው' እያለ ይራገማል" አለው። አባቴ የሚይዘውን አጣ። ያ ጋዜጣ ግን አልመጣም። ከእሱ በፊት የወጣው መጣ፤ ከእሱ በኋላ የወጣውም መጣ። ወልዲያ ሻይ የጠጣ ሁሉ ያነበበውን፣ የጻፈው ሰው ብቻ ሳያየው ቀረ።

በዚህ መሃል ጦርነቱ ከቆቦ በኩል ገፋ። ሰው ከወልዲያ በእግሩ፣ በባጃጅ፣ በጋሪ ይጎርፍ ጀመር። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ መድኃኒቱ ወደ ማለቁ ነበር፤ የመርሳ መድኃኒት ቤቶችም ዘግተዋል። ደሴ እንሂድ ብዬ ጮህኩበት። እሱ ወንበሩን አውጥቶ አስፋልቱ ዳር ተቀመጠ። "ከወልዲያ የሚወጣ ሰው በእኔ ደጅ ነው የሚያልፈው። ወኪሉም ያልፋል" አለኝ። ሰው ሕፃን አዝሎ ሲሸሽ እሱ የሚያልፈውን ፊት ሁሉ ይመረምራል። ያን ጊዜ አባቴን ጠላሁት። ጥዬው ለመሄድ ግን እግሬ አልታዘዘልኝም።

ወኪሉም አባቴ እንዳለው መጣ። የሻይ ቤቱን ዕቃ ጋሪ ላይ ጭኖ፣ ሚስቱን አስከትሎ፣ ከንፈሩ ደርቆ። አባቴን ሲያይ አንገቱን ደፋ፤ ግን ጥሙ ባሰበትና ውኃ ለመነኝ። "ውኃው መጀመሪያ ወልዲያ ደርሶ ይመለስ፤ እዚያ ያለው ሁሉ ጠጥቶ ሲጠግብ ላንተም ይደርስሃል" አልኩት። ሚስቱ አለቀሰች። እኔ ደስ አለኝ።

"ስጪው!" አለኝ አባቴ። ሰጠሁት። ጠጥቶ ሲጨርስ አባቴ ጽሑፉ ስለወጣበት ጋዜጣ ጠየቀው።

"ብርጭቆ ጠቅልዬበታለሁ" አለ ወኪሉ።

"ፍታው።"

"አባባ፣ ከኋላችን ተኩስ አለ እኮ!"

"ፍታው አልኩህ።"

ስደተኛው ግራና ቀኝ እያለፈን፣ አስፋልት ዳር ቁጭ ብለን ብርጭቆ ፈታን። እኔና ሚስቱ እየፈታን፣ አባቴ እያንዳንዱን ወረቀት ጉልበቱ ላይ እየዘረጋ ያየዋል። በመጨረሻ አገኘው። መነጽሩን አደረገ። ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቅሶ ቆመ። ያ ሁሉ ጽሑፍ ተቆርጦ ተቆርጦ የቀረው ይህ ነበር፦ "ጋዜጣው ዘግይቶ ስለሚደርሰን ቢታሰብበት። አንድ አንባቢ፣ ከወልዲያ።" ደንበኝነቱ የተመዘገበው በወልዲያው ወኪል በኩል ስለሆነ፣ መርሳን ሰርዘው ወልዲያ አድርገውታል። ስሙን ደግሞ ጭራሽ ትተውታል።

አባቴ ብርጭቆውን አነሳና በዚያው ወረቀት ጠቀለለው። ለወኪሉ እየሰጠው፣ "እንዳይሰበርብህ" አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "በይ እንሂድ" አለኝ።

መኪና አልነበረም። ሁሉም ሞልቶ አልፏል። በእግር እንዳንሄድ እሱ አቅም የለውም። በማግስቱ መርሳ ተያዘች፤ መንገዱም ተዘጋ። መድኃኒቱ ሲያልቅ አባቴ በውኃ ጥም እየተቃጠለ፣ እያየሁት አለቀ። የቀበርነው ያለ ድንኳን፣ በጥቂት ሰው፣ እየተቻኮልን ነው። ወኪሉ ደሴ በሰላም መግባቱን በኋላ ሰማሁ። በሰላም በመግባቱ ተናደድኩ፤ ዛሬም እንደተናደድኩ ነኝ።

ጦሩ ወጥቶ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ፣ አንድ አመሻሽ ላይ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ደጃችን ቆመ። ሹፌሩ በመስኮት አንዲት ቀጭን ጥቅል ዘረጋልኝ። በላይዋ የአባቴ ስም እስከ አያቱ ድረስ፣ ከሥሩም "መርሳ" የሚል በትልልቁ ታትሞባታል።

"ከእንግዲህ የመርሳ እዚሁ ይወርዳል" አለኝ። "ከወልዲያ አንድ ሰው ተማሮ ቢጽፍ ነው አሉ የተስተካከለው። እሱን አመስግኑት።"

ተቀበልኩት። ቀኑን አየሁ። የዚያኑ ዕለት ጋዜጣ ነበር።