የተቀደደው ፖስታ

ሙሉመቤትን የማያውቅ የኮሌጅ ተማሪ ሆሳዕና ውስጥ የለም። ሥራዋ ሬጅስትራር ቢሮ ፋይል ማውጣት ነው፤ ግን ሌቭል አራት ጨርሶ፣ ሲኦሲ የሚሉትን የብቃት ፈተና አልፎ ዩኒቨርሲቲ ልግባ የሚል የድሃ ልጅ ጉዳይ ሁሉ የእሷ ጉዳይ ነው። እኔ ናስረዲን ደግሞ ኮሌጁ በር ላይ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ወረፋ ኖረ አልኖረ "ናስሩ፣ ይሄን ቶሎ!" ትለኛለች። የማን ሠራተኛ እንደሆንኩ እስካሁን አልገባኝም።

ባለፈው ዓመት ዮዲት የምትባል ልጅ ነበረች። ቤተሰቦቿ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ማሰሯቸውን ሰው ይገዛል፤ ቤታቸው ገብቶ ግን ውኃ እንኳ አይቀምስም። ይሄ ነውር ዛሬም አለ፤ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሙሉመቤት ሁለት ወር ተሟግታ ትራንስክሪፕቷን አሠራችላት። ፖስታው ታሽጎ አፉ ላይ ማኅተም ተመታበት። "ዩኒቨርሲቲው ብቻ ነው የሚከፍተው" ብላ ሰጠቻት።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ጠዋት ዮዲት ከአባቷ ከአቶ ጠና ጋር መጣች። ፖስታው ተቀዷል።

"ማነው የቀደደው?" አለች ሙሉመቤት።

"እኔ ነኝ" አሉ አባቷ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው።

"ኧረ አቶ ጠና፣ ምን ነካዎት! እንዲህ ሆኖ ማን ይቀበላታል?"

ዮዲት ማልቀስ ጀመረች። እንደገና ለማሸግ ማኅተም ያስፈልጋል። ማኅተሙን ኃላፊው ወልደኪዳን ኮት ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ ሰው አያምንም። ወልደኪዳን ደግሞ ሌሞ ወረዳ ለቅሶ ሄዷል።

ወረቀቱን አንድ ኮፒ አንስቼለት አዲስ ፖስታ ውስጥ ከተትነው። ሱቄን ዘግቼ፣ እኔ ጅሉ፣ ከሙሉመቤት ጋር በባጃጅ ሄድን። ለቅሶ ቤት ዘው ብሎ "ማኅተም አምጣ" አይባልም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ "ወይኔ ወንድሜን!" እያለች ገባች። የሞቱት የሰማንያ ዓመት አሮጊት ናቸው። ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ አያት። እሷ ምን ገዷት! ወልደኪዳን አጠገብ ተቀምጣ፣ ንፍሮዋን እያላመጠች ሹክ አለችው።

"እዚህ?" አለ ደንግጦ።

"እዚሁ።"

የንፍሮ ትሪ ገልብጠው አዲሱን ፖስታ እላዩ ላይ አተሙ።

ስንመለስ አቶ ጠና ሱቄ ደጃፍ ከልጃቸው ጋር ቁጭ ብለዋል። የሙሉመቤት ንዴት ገና አልበረደም።

"ለመሆኑ ለምን ከፈቱት?"

"ጎረቤት ወረቀቱን እንይ ብሎ መጣ" አሉ አቶ ጠና። "ሃያ ዓመት አብረን ኖረን ትናንት ገና ቤቴ ገቡ። ተቀመጡ። ታሽጓል ብዬ ልመልሳቸው?"

ሙሉመቤት አዲሱን ፖስታ ለዮዲት ሰጥታ ዩኒቨርሲቲ ወደሚያደርሳት መኪና ገፋ ገፋ አደረገቻት። የተቀደደው ውስጥ ኮፒውን ከትታ ለአባቷ መለሰችላቸው።

"ይሄን ቤትዎ ያስቀምጡት። የመጣ ሁሉ ይየው።"

ዮዲት ደረሰች፤ ተመዘገበች። ከዚያ ወዲህ ሙሉመቤት ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ወረቀት ታሠራለች፤ አንዱ የሚታሸግ፣ አንዱ ለጎረቤት። የጎረቤቱን ኮፒ የማነሳው እኔ ነኝ። "ናስሩ፣ ቀለሙ ደመቅ ይበል!" ትለኛለች።

ምን አደርጋለሁ፣ አደምቃለሁ።