የተለቀመ ቦሎቄ

ከላቦራቶሪው ደጃፍ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ አንዲት ቦሎቄ ነጋዴ መሐረባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ቦሎቄ ይለቅማሉ። የተሸበሸበውን ወደ ኪሳቸው፣ ወፍራሙን ወደ መሐረቡ ያደርጋሉ።

ጥፋቱ የደም መርማሪው ነው። የመጀመሪያ ቀን መርፌውን ሲያዩ ቢደነግጡበት ሊያጽናናቸው ብሎ፣ "እማማ፣ መመርመሪያው እኮ ከቦሎቄ የወጣ ፕሮቲን ነው። የታመመ ሴል ላይ ያለውን ስኳር እየፈለገ እንደ መዥገር ሙጭጭ ይላል" አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ባዶ እጃቸውን መጥተው አያውቁም። እሱም በመጡ ቁጥር የቦሎቄውን ቋጠሮ ይመልስላቸዋል።

ዛሬም ክንዳቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት ቋጠሮውን አስቀደሙ። "የእኔን በዚህ መርምርልኝ።"

"እማማ፣ ተዘጋጅቶ በብልቃጥ ነው የሚመጣልን አላልኩዎትም?"

"ብልቃጡ ውስጥ ምን እንደገባ ማን አየ? እኔም ነጋዴ ነኝ፤ ከላይ ከላይ ማሳመር አውቃለሁ።"

መርማሪው ሳቁ አመለጠው። እሳቸው ግን እጅጌያቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ።

"ባለቤቴን ምንም የለብዎትም ብላችሁ ሸኝታችሁት በወሩ ቀበርኩት። ነቀዝ የበላው ቦሎቄ ደርሷችሁ ነው እንጂ፣ እናንተስ መች ትዋሻላችሁ፣ ልጄ።"

መርማሪው ቋጠሮውን በሁለት እጁ ተቀበለ።