የቤልጅጉ መነጽር

ባለቤቴ ከኔ ይልቅ ጠመንጃውን ይወድ ነበር። ቀንቼ አይደለም እንዲህ የምለው፤ ፍሌሚንግተን ያለ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ጠመንጃው ቤልጅግ ነው፣ በወጣትነቱ ወታደር ሳለ የተሸከመው ዓይነት። የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዓመት ከገባ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ እዚሁ ሜልቦርን አሮጌ የጦር መሣሪያ የሚሸጥበት ሱቅ አገኘውና ሰደፉን አቅፎ አለቀሰ። እናቴ ስትሞት እንኳን እንባ አልወጣውም፣ ጉድ እኮ ነው! ላይሰንስ አወጣ፣ የተኳሾች ክለብ ገባ። እኔ «ከጠመንጃ ጋር አላድርም» ስላልኩ ማስቀመጫው የብረት ሣጥን ኬንሲንግተን፣ ልጃችን ቤት ተተከለ። እሁድ እሁድ እኔ ቅዳሴ፣ እሱ ተኩስ።

ልጃችን አንድ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ የብረት ሥራ ይሠራል። አባቱ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፣ «እውር» ነው የሚለው። በልጅነቱ ድንጋይ አስይዞ ጣሳ ያስመታውና ሲስት «እውር!» ይለዋል። ፈተና ሲወድቅም እውር። በሰርጉ ቀን፣ ሙሽራዋ አጠገቡ ተቀምጣ፣ «ይኼ እውር ደግሞ በምን ዓይኑ አገኘሽ?» ሲል ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ። ልጄም አብሮ ሳቀ።

እግዜርም ለባለቤቴ የሥራውን ሰጠው። የግራ ዓይኑ ጠፋ። የቀኙ ሞራ ተገፈፈለትና ሐኪሙ «ይህችን ዓይን ምንም ነገር እንዳይመታት፣ ሌላ የለህም» አለው። እኔም ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የጠመንጃው ማነጣጠሪያ ጭጋግ ሆነበት። አላይም አይል ነገር! «ማነጣጠሪያው አርጅቷል፣ ስኮፕ ይገጠምልኝ» አለ፤ ስኮፕ የሚሉት የጠመንጃ መነጽር ነው።

ሦስታችንም ሱቁ ሄድን። ሻጩ አንዲት ቀጭን ስኮፕ አወጣ። ልጄ ሲተረጉምልን፣ ለእንዲህ ያለ አሮጌ ጠመንጃ የምትስማማው እሷ ናት፣ ከዓይን ርቃ ወደ አፈሙዙ ተጠግታ ትታሰራለች፣ ብረቱንም መብሳት አያስፈልግም አለ። ባለቤቴ ከት ብሎ ሳቀ። «እሷን ለእውር ስጣት። ለኔ ያንን ትልቁን አምጣ።» ትልቁ ቴርሞስ ያህላል።

ልጄ ብረቱን በስቶ ስኮፑን በብሎን አሰረለት። ማቀባበያው ወደ ላይ ሲነሳ ከስኮፑ ጋር ተጋጨ፤ ለካ የድሮ ጠመንጃ መነጽር እንዲሸከም አልተሠራም። ሥራ ቦታው ወስዶ በእሳት አግሎ ማቀባበያውን አጎበጠው። ሲመልስለት አባቱ ዳበስ አደረገና «አጣመምከው፣ እውር» አለ። እግዜር ይስጥልኝ የለ፣ ምን የለ።

ከዚያ ሊሞክረው ጉንጩን ሰደፉ ላይ አስተኛ። ልጄ ስኮፑን ከዓይኑ አራት ጣት ያህል አርቆታል። ባለቤቴ አየ፣ አንገቱን አሰገገ፣ ደግሞ አየ። ጨልሞበታል።

«ወደ ኋላ ሳበው፣ ወደ ዓይኔ!»

«አባባ፣ ሲተኮስ እኮ ወደ ኋላ ይረግጣል። ዓይንዎን ይመታዎታል።»

«አንተ ነህ ጠመንጃ የምታስተምረኝ? ሚስትህን እንኳ ይዘህ መቆየት ያልቻልክ!»

ሚስቱ ጥላው ከሄደች ገና ዓመት አልሞላትም። እኔ አላስቻለኝም፣ «አንተ ሰው፣ ምላስህን ሰብስብ! ሐኪሙ ያለህንስ ረሳኸው?» አልኩት። «አንቺ ስለ ጠመንጃ ምን ታውቂያለሽ? ወጥሽን አማስይ» አለኝ። ልጄ ብሎኖቹን አላላ፣ ስኮፑን ወደ ኋላ ሳበ፣ መልሶ አጠበቀ።

እሁድ ቅዳሴውን ትቼ አብሬያቸው ወደ ተኩሱ ሜዳ ሄድኩ፤ ልቤ ፈርቷል። በኛ ዘንድ ኢላማ የመታ ይፎክራል። ባለቤቴ ግን «ሳይመታ የፎከረ ውሻ ነው» ባይ ነው፤ መምታቱን ሳያረጋግጥ ዘራፍ አይልም። በዚህ በዚህስ አይታማም። የክለቡ ፈረንጆች እንኳ ለምደውት፣ ሲፎክር ቆመው ያጨበጭቡለታል።

መተኮሻው ጠረጴዛ ዘንድ ተቀመጠ። የዓይን መከላከያውን «ያደበዝዝብኛል» ብሎ ግንባሩ ላይ ሰቀለው። ጉንጩን አጣብቆ ቃታውን ሳበ። ጠመንጃው ጮኸ፣ እሱም ጮኸ። የስኮፑ ጠርዝ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል። ደሙ በጣቶቹ መሀል እየወረደ «ዓይኔን! ዓይኔን!» ይላል። ያቺ አንድ ዓይኑ ፈሰሰች።

አምቡላንሱ እስኪመጣ ተኩሱ ሁሉ ቆመ። ልጄ ወደ ኢላማው ሄደና ወረቀቱን ነቅሎ አምጥቶ አሳየኝ። ጥይቷ ጥቁሩ ክብ መሀል ላይ ቁጭ ብላለች። ድፍን መሀል! ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሆስፒታል ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ዓይኑ መሰላችሁ?

«መታሁ?»

አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመኝ። «ሳቱ፣ አባባ።»

አሁን ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ጢሙን ይላጨዋል፣ ጥፍሩን ይቆርጥለታል፣ ያጎርሰዋል። ጎረቤቶቻችን «እንዲህ ያለውን ይውለዱ» እያሉ ይመርቁታል። ባለቤቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የትራሙን ድምፅ ሲያዳምጥ ይቆይና ድንገት ደረቱን ነፋ አድርጎ «ዘራፍ!» ይላል። ወዲያው ያቋርጠዋል።

«እስቲ በሞቴ፣ እውነቱን ንገረኝ። ጠርዙን እንኳ አልነካሁም?»

«ወረቀቱንም አልነኩት፣ አባባ። ሳቱ።»

ቀጥሎ ፊቱን እኔ ወዳለሁበት ያዞራል። «አንቺስ? ነበርሽ እኮ። አላየሽም?»

«እኔ ስለ ጠመንጃ ምን አውቃለሁ?» እለውና ወጤን ላማስል እገባለሁ።