ካሎሪ ስቆጥር ኮከብ ተቆጠረብኝ

በደርግ ዘመን፣ አዋሳ ውስጥ ታይፒስት ሆኜ ስሠራ ነው። ሰርጌ ሊፈርስ ጥቂት የቀረው በዚፕ ምክንያት ነው ብል ማን ያምነኛል? ዛሬም ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እንደ እብድ እስቃለሁ።

ከማቴዎስ ጋር ልንጋባ ቀን ቆርጠናል። ቬሎውን ያዋሰችኝ አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ጽጌ ናት፤ የእህቷ ነው። እህቷ ቀጭን ናት፣ እኔን ደግሞ ፈጣሪ ወገብ አልነፈገኝም። ዚፑ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሌሎች ሙሽሮችም ተራ የሚጠብቁት ልብስ ስለሆነ መቀስ አይነካውም። ያለው መላ እኔ መክሳት ብቻ ሆነ።

ጽጌ ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ አንድ የፈረንጅ መጽሔት ይዛ መጣች። የየምግቡ ካሎሪ ተጽፎበታል፤ ቆጥሮ የበላ ይከሳል ይላል። እኔ ብልጧ ምን አደረግሁ? ቁጥሩ እስካልበለጠ ድረስ ምን በላሽ የሚለኝ የለም ብዬ ምሳዬን በብስኩት፣ እራቴን በከረሜላ ለወጥኩት። ዓሣው፣ ሽሮው፣ ጎመኑ ሁሉ ቀረ። ጣፋጭ እየበሉ መክሳት! ከዚህ ወዲያ ምን አለ?

ጉድ ሆንኩ። ፊቴ መጠጠ፣ ጸጉሬ መርገፍ ጀመረ፣ ታይፕ እየመታሁ እንቅልፍ ይጥለኛል። ወገቤ ግን እንደ ዘመኑ ቆራጥ ታጋይ ያለምንም ማወላወል ከአቋሙ ፍንክች አላለም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ቬሎውን ለብሼ ከዚፑ ጋር ስንታገል፣ የማቴዎስ እናት እትዬ ሐና ሊጠይቁኝ መጥተው በር ላይ ቆመዋል። እኛ አላወቅንም። እትዬ ሐና ጸሎተኛ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ የጥንቆላ ስም ሲነሳ ያንገሸግሻቸዋል። እኔን መጀመሪያ ያዩኝ ቀን ከራሴ እስከ እግሬ አይተውኝ ዝም ስላሉ፣ አልወደዱኝም ብዬ ደምድሜያለሁ።

ከውስጥ እኔ እጮሃለሁ፦ "አልገጠመም! ስቆጥር ከርሜ፣ ስቆጥር ከርሜ አሁንም አልገጠመም!"

ጽጌም ጮክ ብላ፣ "ታዲያ ካልገጠመ ምን ይደረጋል? ሌላ ይፈለጋላ!" አለች።

እትዬ ሐና ድምፅ ሳያሰሙ ተመለሱ።

በማግስቱ ማቴዎስ አመድ መስሎ ቢሮዬ መጣ። "አንቺ፣ ኮከብ ታስቆጥሪያለሽ እንዴ?" አለኝ። ለካ እናቱ ትናንት በር ላይ ቆመው የሰሙንን ይዘው፣ "ጠንቋይ ዘንድ ሄዳ ኮከባችሁን አስቆጥራለች፤ አልገጠመም ተብላ ሌላ ባል ልትፈልግ ነው፤ ሰርጉ ይቅር" ብለው አልጋ ላይ ወድቀዋል።

"የምን ኮከብ? ካሎሪ ነው እኮ!"

"እሱን ሄደሽ ለእሷ ንገሪያት" አለኝ።

ቤት ሮጥኩና ቬሎውን በአንሶላ ጠቅልዬ፣ እትዬ ሐና ወደሚኖሩበት አዲስ ከተማ ሰፈር በጋሪ ከነፍኩ። ማቴዎስን ላጣው ነው ብዬ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

"እትዬ፣ በእግዚአብሔር ይመኑኝ! እኔ የቆጠርኩት ካሎሪ ነው።"

"ካሎሪ ደግሞ የየት አገር ጠንቋይ ነው?" አሉኝ።

በወሬ እንደማይሆን ገባኝ። ጓዳ ገብቼ ቬሎውን ለብሼ ወጣሁና ጀርባዬን ሰጠኋቸው። "እስቲ ይዝጉት" አልኩ። ሳቡ። ጉልበታቸውን ጀርባዬ ላይ አስደግፈው ሳቡ። ትንፋሻቸው እስኪቆራረጥ ሳቡ።

"ኧረ ይሄ ነገር አልገጠመም!" አሉ።

ያሉት ነገር ለራሳቸው ጆሮ ሲደርስ ክው ብለው ቀሩ። ከዚያ ሳቁን የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ሆዳቸውን ይዘው መሬት ቁጭ አሉ። እኔም ከነቬሎዬ አጠገባቸው ዘርፈጥ አልኩ።

ሳቁ መሃል እንባቸው መጣ። "እኔ እኮ ልጄን ናቀችው ብዬ ነው! ይቺን የመሰለች ልጅ ልናጣ ነው ብዬ እህል አልቀመስኩም።"

"ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አሉኝ?"

"ሲዳምኛ አትችዪ። በአማርኛ ስሳሳት እንዳትስቂብኝ ፈርቼ ነዋ!"

የከረሜላውን ነገር ስነግራቸው፣ "ወይ ጉድ! ሰው በከረሜላ ይኖራል?" ብለው ተነሱ። ዓሣ፣ ጎመንና ቦሎቄ ከቆጮ ጋር አቀረቡልኝ። "ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ብዪ። ሳትወጠሪ ተነሺ። ቢሮሽም በእግርሽ ሂጂ" አሉኝ። እስከ ሰርጉ ድረስ ምሳዬ እሳቸው ቤት ሆነ። ፊቴ ወዙ ተመለሰ፤ ወገቤም ቀስ በቀስ ይለዝብ ጀመር።

በሰርጉ ቀን ዚፑ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ ብል ውሸት ነው። ጣት የምታስገባ ክፍተት ቀረች። ማዘጋጃ ቤት ስንገባ እትዬ ሐና ክፍተቷን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ እልል እያሉ ከኋላዬ ሙጭጭ አሉ። ፈርመን እስክንወጣ እጃቸውን ከጀርባዬ አላነሱም።

"አማቷ እንዴት ብትወዳት ነው!" ሲባል ሰማሁ። እውነታቸውን ነው። ያን ቀን በደስታ እግሬ መሬት አልነካም፤ ዛሬም ሳስበው ያው ነኝ።