የእናቴን ስፌት ያረምኩባቸው ወራት

እናቴ ኩዊልቱን፣ ተደራርቦ በእጅ የሚሰፋውን የአልጋ ልብስ፣ የጀመረችው እኔ ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት በነበረው በጋ ነው። ዘጠኝ ካሬዎች አሉት። በእያንዳንዱ ካሬ ላይ ከባለቀለም ጨርቅ የተቆረጠ አበባ ተደርቦ ዙሪያው በእጅ ተሰፍቷል። አበቦቹን በሁለት ወር ጨረሰቻቸው። የቀረው ከባዱ ሥራ ነበር፤ አበቦቹ ያሉበትን ጨርቅ፣ መሃል የሚገባውን ስስ ጥጥና ገበሩን አንድ ላይ ወጥሮ፣ ሦስቱንም በሚበሳ ጥቃቅን ስፌት የአበባውን ቅርጽ ተከትሎ መዞር። እዚህ አሜሪካ፣ ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈራችን ባለው ማዕከል ረቡዕ ረቡዕ የምታስተምራት አሜሪካዊት ሴትዮ፣ በሳምንት አንድ ካሬ ከጨረሰች በቂ እንደሆነ ነግራታለች። እናቴ ይህን እንደ ሕግ ያዘችው።

ለማን እንደሆነ ስጠይቃት፣ "ለራሴ ነዋ!" አለች። "ሆቴል ስሠራ ስንት ዓመት የሰው አልጋ አነጠፍኩ። አሁን ደግሞ የራሴን ላንጥፍ።"

ሆቴሉን ከተወች ቆይታለች። አሁን ኤርፖርት አጠገብ ካለ ፓርኪንግ መንገደኞችን ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ ሚኒባስ ትነዳለች። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። ጫማዋን አውልቃ፣ ሻይዋን ይዛ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ ትልና እራት እስኪደርስ ትሰፋለች።

ስፌቷ መስመር የሳተው ሦስተኛው ካሬ ላይ ነው፤ ሴፕቴምበር ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ክፍል ስለሌለኝ ኩዊልቱን አንስቼ ሳየው፣ ጠርዙን መከተል የነበረበት ክር አበባው ላይ ወጥቶ አገኘሁት። አንዱ ስፌት የሩዝ ፍሬ ያህላል፣ ቀጥሎ ያለው የጥፍር ያህል ይረዝማል። ደክሟት ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ ደግሞ የተበላሸ ነገር ካየሁ ባለቤቱ ሳያፍርበት ማስተካከል ልማዴ ነው። ክፍል ውስጥ የቡድን ሥራ ሲሰጠን የሌሎቹን ስህተት ለማንም ሳልናገር አርሜ የማስረክበው እኔ ነኝ። ስለዚህ አንድ ስንዝር ያህል ተረተርኩና በእሷው ክር መልሼ ሰፋሁት።

ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ጨርቁን በእጇ ዳበስ አደረገችው። "አይ እኔ! ዱሮ መማር የነበረብኝ ይሄን ሙያ ነው" ብላ ሳቀች። ስትስቅ ሳያት ደስ አለኝ። ሐሙስም ጠዋት ክፍል አልነበረኝም፤ ሌላ ስንዝር ተረተርኩ።

አምስተኛው ካሬ ላይ ስንደርስ የእሷ ስፌት አልቀረም ማለት ይቻላል። ኩዊልቱ ግን በየሳምንቱ አንድ ካሬ ሳያዛንፍ ወደፊት ይሄድ ነበር።

ሌሎች ነገሮችም ነበሩ። መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው እኔ ሆንኩ፤ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ስምንት መርፌ አዘጋጅቼ የመርፌ መሰኪያዋ ላይ እሰካላታለሁ። ደብዳቤ ሲመጣ "አንብቢልኝ፣ ደክሞኛል" ትላለች። ስኳር እንዳለባት ካወቅን ስድስት ዓመት ሆኖናል። በየዓመቱ ዓይኗን እንድትታይ ቢነገራትም፣ ሥራ ይበዛል እያለች ሁለት ቀጠሮ አሳልፋለች። እኔም ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ግን አንዱን ከሌላው ጋር አላገናኘሁትም። ወይም ማገናኘት አልፈለግሁም።

ኦክቶበር ላይ በአንድ ቅዳሜ ሌክ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ እኔን ይዛ እየነዳች ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ በስተግራ ወደ መንገዱ ገባ። እግሯን ከነዳጁ አላነሳችም። "እማ!" ብዬ ስጮህ ነው ፍሬን የያዘችው። ሰውየው የመኪናውን አፍንጫ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ እየተሳደበ አለፈ።

ቤት ገብተን "አላየሽውም እኮ" አልኳት።

"አይቼዋለሁ። ያስደነገጥሽኝ አንቺ ነሽ።"

"እማ፣ ዓይንሽን ታዪ። እኔ ቀጠሮ አስይዝልሻለሁ።"

"ዓይኔ ምን ሆነ?" ኩዊልቱን ከወንበሩ ላይ አንስታ ጭኔ ላይ ጣለችው። "ነይ እስቲ እዪው! ይሄን የሰፋ ዓይን ታሟል? ሴትዮዋ ለክፍሉ ሁሉ እያዞረች አሳየችልኝ እኮ! አንቺ ገና አንድ ሴሚስተር ሳትጨርሺ እኔን በሽተኛ ልታደርጊኝ ነው? ዶክተርዬ!"

ጭኔ ላይ ያለው ስፌት የእኔ ነበር። መናገር ነበረብኝ። ያደረግሁት ግን አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነው፤ ማረሙን አቆምኩ። በዚያ ሳምንት ጠዋት ጠዋት መጽሐፌን ይዤ ኩዊልቱን ሳልነካው ተቀመጥኩ። እሷ ግን በየቀኑ ሰው ጭና መንዳቷን ቀጠለች።

ረቡዕ ከማዕከሉ ስትመለስ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። ሰባተኛውን ካሬ መስኮቱ ሥር ዘረጋችው።

"ሴትዮዋ 'ደክሞሻል እንዴ?' አለችኝ። የቱ ጋ ነው የተበላሸው? አሳዪኝ።"

ጣቷን ይዤ ክሩ አበባውን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ዳበሰችው፤ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ጭንቅላቷን አዘንብላ እንደገና አየችው። ከዚያ ስድስተኛውን ዳበሰች።

"ይሄኛውስ እንዴት ደህና ሆነ?"

"እኔ ነኝ የሰፋሁት። ከሦስተኛው ጀምሮ… አንቺ ሥራ ስትሄጂ ተርትሬ እመልሰው ነበር።"

"ሁሉንም?"

"አብዛኛውን።"

ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ድምፅዋ ግን ዝቅ አለ። "እኔ እኮ ጠዋት ጠዋት መንገዱ ሲጨልምብኝ ይሄን እያሰብኩ ነው የምነዳው። 'እንዲህ የሚሰፋ ሰው ዓይኑ ደህና ነው' እያልኩ። ሻንጣ የያዙ ሕፃናት አሉ እኮ፣ ከኋላዬ…"

በማግስቱ ሥራ ቀረች። ቀጠሮውን እንዳስይዝላት የጠየቀችኝ ራሷ ናት።

ሐኪሙ የዓይኗን ውስጥ ፎቶ አንስቶ፣ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። መቼ እንደጀመራት ጠየቀ። በእኔ በኩል እንዲነገርላት ስለፈለገች አስተርጓሚ የሆንኩት እኔ ነበርኩ።

"በቅርብ ነው በይው። ሁለት ሳምንት" አለች።

ዕድሜዬን ሙሉ እሷ ያለችውን ነው ስተረጉምላት የኖርኩት። "ከሴፕቴምበር ጀምሮ" አልኩት በእንግሊዝኛ። ሐኪሙ መጻፉን አቁሞ ቀና አለ። እናቴ ያን ቃል ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልጋትም ነበር። ወደ እኔ ግን አልዞረችም።

ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳን። በስኳሩ ምክንያት ዓይኗ ውስጥ ደም ፈሷል። የቀኙ ከዚህ በላይ እንዳይጎዳ በመርፌ ይታከማል፤ የግራው ካጣው ውስጥ ብዙው አይመለስም። እስከዚያው መንዳት የለም። አንዱንም ሳልቀንስና ሳላለሳልስ ተረጎምኩላት።

ሰምታ ስትጨርስ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

"ሴፕቴምበር ላይ ብንመጣ ኖሮ የግራው ይተርፍ ነበር? ጠይቂው።"

"እማ…"

"ጠይቂው አልኩሽ።"

ጠየቅሁት። ሐኪሙ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እሷን አየ፤ በአንድ ቃል መለሰ።

"ምን አለ?"

"ምናልባት" አልኳት፣ እሱ ያለውን ሳልለውጥ።