ያኑርሽ

እናቴ ቀኝ እጅና እግሯ ሰልሎ፣ አንደበቷም ተይዞ አልጋ ከዋለች ወዲህ ቤታችን ጠያቂ አጥቶ አያውቅም። በደርግ ጊዜ ሀዋሳ ትንሽ ከተማ ነበረች፤ የፒያሳው ወሬ ሳይውል ሳያድር ሐይቁ ዳር ይደርሳል። ጠያቂው አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ «እግዜር ይማርሽ» ይላታል። ሲወጣ እኔን በር ላይ ይይዘኝና «በርቺ» ይለኛል። በርቺ! ከዚህ ወዲያ እንዴት ነው የሚበረታው? ቢሮ ስውል እሷን የምታይልኝ ጎረቤቴ ደግሞ «አንቺማ ጽድቅሽን እዚሁ እየሠራሽ ነው» ትለኛለች። ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ፣ እላለሁ በሆዴ።

ከሥራ ስወጣ ለስኳር ቀበሌ ሱቅ እሰለፋለሁ። እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ ብቀር «እናቴን ማን ያገላብጥልኝ?» ማለቴን የሚሰማኝ የለም። አጥቤ፣ አገላብጬ፣ አጉርሼያት ስጨርስ ማልቀሻ ጉልበት እንኳ አይተርፈኝም። እሷ ከአልጋዋ ሆና ታየኛለች። ያ ዓይኗ ነበር የሚገድለኝ። አንድ ቀን ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁና «አምላኬ፣ በቃ አሳርፋት፤ እኔንም አሳርፈኝ» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ራሴው ደነገጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የዓሣ ሾርባ ጥጄላት ቁንዶ በርበሬ ስወቅጥ አፍንጫዬ ገባና አስነጠሰኝ።

«ይ… ማርሽ።»

ዞር አልኩ። ቤት ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም የለም። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ምራቋ አገጯ ላይ እየወረደ፣ ደገመችው፤ «ይማርሽ!» ያ ሁሉ ሰው ለእሷ ምሕረት ሲለምን ከርሞ፣ እኔን «ይማርሽ» ያለችኝ በሽተኛዋ ናት።

መልሱን ሕፃንም ያውቀዋል፤ «ያኑርሽ» ነው፤ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ኑሪልኝ ማለት። እኔ ግን የጓዳው ልመናዬ ትዝ አለኝና ቃሉን ለማለት አፈርኩ። እሷ ትጠብቃለች። ልጅ ሆኜ መልሱን ስረሳ «አፍሽን ምን ያዘው?» ብላ የምትቆጣኝ እናት ናት። ሮጬ ደረቷ ላይ ተደፋሁ። «ያኑርሽ እማዬ! ያኑርሽ፣ ኑሪልኝ!» በደህናው እጇ ፀጉሬን ዳበሰችኝ። ሾርባው አረረ።

ከልቤ ነበር ያልኩት። ከዚያ ወዲያም ጧት ማታ የለመንኩት እሱኑ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች። እግዜር የሰማኝ የጓዳውን ነበር።