ሠረገላ ስር ተኝቼ አባን የተቀበልሁ ዕለት

ጨዋነት ሰው ሊገድል እንደሚችል የተማርሁት በጀርባዬ ተኝቼ ነው፤ ሠረገላ ስር።

በዚያ ዘመን ንጉሡ ጋፋት ላይ ፈረንጆቹን መድፍ ያሠሩ ነበር። እኛ ደግሞ ለምድጃው ግንብ የሚሆን ድንጋይ ከወንዝ ዳር በበሬ ሠረገላ እናመላልስ ነበር። ሠረገላ የሚሉት ነገር ላገራችን አዲስ ነው፤ በሬዎቹም እንደኛው ግራ ገብቷቸው ነበር። አንድ ቀን፣ በዐቢይ ጾም፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ የኋላው መንኮራኩር ምጥ እንደያዛት ሴት ይጮህ ጀመር። መንኮራኩሩ የሚዞርበት ዘንግ የተቀባውን ሞራ ጨርሶ ደርቋል። ጭነቱ ፀሐይ ሳትገባ ካልደረሰ ደግሞ ጅራፍ አለ።

ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከመንኮራኩሮቹ ኋላ ድንጋይ ሸጎጥን። ቀጥሎ ረጅም የወይራ ግንድ ጉቶ ላይ አስደግፈን ከስሩ አስገባንና የሚስቴ ወንድምና ሁለት ጎረቤቶቻችን ጫፉ ላይ ቁጭ ሲሉበት የሠረገላው ኋላ ከፍ አለ። ሠረገላው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሞራ ይዞ ስር የሚገባው ቀጭኑ ነው። ቀጭኑ እኔ ነበርሁ።

«ቆዩ፣ መጀመሪያ ድንጋይ ላስደግፍ» አልሁ።

«እኛ ተቀምጠን የለም ወይ?» አለ የሚስቴ ወንድም። «ሦስት ወንድ አታምንም?»

«ሁለቱን አምናለሁ።»

«እህቴን ለፈሪ ሰጠናት! ግባ፣ ፀሐይዋ እየሄደች ነው።»

አልሰማሁትም። ፈሪ መሆኔን እሱ ሳይነግረኝም አውቃለሁ። አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ እያንከባለልሁ አመጣሁ፤ ሌላ ደረብሁበትና ከሠረገላው ወለል ስር ደግፌ ገባሁ።

«በጾም ሞራ ትነካለህ?» አለ አንዱ ጎረቤት ከተቀመጠበት።

«የሚበላው ሠረገላው ነው። እሱ ደግሞ አልተጠመቀም።»

እየተሳሳቅን ሳለ የንስሐ አባታችን በበቅሎ ብቅ አሉ። እኔ ያየሁት የበቅሎዋን አራት እግር ብቻ ነው። ባገራችን ታላቅ ሰው ሲመጣ ቁጭ ብሎ መቀበል ነውር ነው። ሦስቱም እንዳንድ ሰው ብድግ አሉ።

«ኖር፣ አባ!»

«በእግዜር፣ ልጆቼ።»

ግንዱ ወደ ሰማይ ተስፈነጠረ። ሠረገላው ወረደና ድንጋዬ ላይ ቋ ብሎ ቆመ። በደረቴና በወለሉ መካከል አንድ ስንዝር ቀረ። የኩታዬን ጫፍ ወለሉ ከድንጋዩ ጋር ነክሶ ያዘው።

«ያ ቀጭኑስ የት አለ?» አሉ አባ።

«እዚህ ነኝ፣ አባ። እባክዎ፣ እነዚህን ሰዎች ያስቀምጡልኝ።»

የሚስቴ ወንድም ፊቱ አመድ መስሎ ግንዱን ለማንሳት ሮጠ። አባም ከበቅሏቸው ወርደው ከሦስቱ ጋር ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ጾም የማያከሳቸው ሰው ነበሩ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ሠረገላው ከቅድሙም በላይ ከፍ አለ።

«ንጉሡ ቢመጡ እንኳ እንዳትነሡ!» እያልሁ ዘንጉን ቀብቼ፣ ኩታዬን ይዤ ወጣሁ።

መስቀል ልሳለም ብቀርብ አባ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ሁሉ ተነሥቶ ሲቀበለኝ አንተ ብቻ ተኝተህ ተቀበልኸኝ» አሉና አርባ ስግደት ጣሉብኝ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ዛሬም አላውቅ።

ሰገድሁ። ሃያውን ለእግዜር። ሃያውን ግን፣ አፈሩን ያቅልላቸውና፣ አባ ሲመጡ ንቅንቅ ላላለው ለዚያ ባለጌ ድንጋይ።